በቁሙ የተለቀሰለት ደንገል

ጌትነት እባላለሁ፤ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ቀን ቀን የፋብሪካ ዘበኛ ነበርሁ፣ ከዚያ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከጥሩምባው ግን ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ሰው መሞቱን አያቆምማ! ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ውስጥ በኛ ሰፈር የማያውቀኝ የለም፣ ማለዳ በሩ ላይ ሊያየኝ የሚፈልግም የለም። አንዳንዱ ሰላም ስለው እንኳ መጀመሪያ የሚያየው እጄን ነው፤ ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ «እንዴት አደሩ ጋሼ» ይለኛል። ቁጡ ነው ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። ይህን የምነግራችሁን ሰምቶ የማይቆጣ ሰው ካለ ግን ሐኪም ማየት ያለበት እሱ ነው።

የምነግራችሁ ስለ እትየ የሻሽወርቅ ነው። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትየ እላታለሁ እንጂ አንቱ ብላት በጥፊ ነው የምትለኝ። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናት። ሥራችንም አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ እኔ ነፍቼ ሰው እሰበስባለሁ፣ እሷ ሙሾ አውርዳ የተሰበሰበውን ታስለቅሳለች። «አልቃሽ» የሚሏት አሉ፤ እኔ ደስ አይለኝም። ማልቀስማ ማንም ያለቅሳል። እሷ ገጣሚ ናት። ወረቀት የላት፣ እርሳስ የላት፣ ቆማ ነው የምትገጥመው።

ለቅሶ ቤት ስትገባ ዝም ብላ አትጀምርም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ ትቆምና ከቤተ ዘመዱ አንዱን ጠርታ ሦስት ነገር ትጠይቃለች፤ ስሙን፣ ሙያውን፣ ማን እንደቀረው። በቃ። ያንን ከሰማች በኋላ ግጥሙ ከየት እንደሚመጣላት እንጃ። የሚዋሻት ዘመድ ግን ወዮለት! አንድ ጊዜ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረን ሰውዬ «ደግ፣ አዛኝ» ብለው አስለቅሰዋት ኋላ እውነቱን ሰማች። ሦስት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። «በአፌ ውሸት አስቀበሩኝ» እያለች ትንገበገብ ነበር።

ሌላም ሕግ አላት፤ ለቆመ አታለቅስም። በሽተኛ ልትጠይቅ ሄዳ በሽተኛው ቢያቃስት፣ ቤቱ ሁሉ ቢያነባ፣ እሷ ዓይኗ ደረቅ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። የእድሩ ሊቀ መንበር የሟቹን ስም በአፉ ሳይነግረኝ ጥሩምባዬን ከተሰቀለችበት ምስማር አላወርዳትም። ለቆመ መንፋትና ለቆመ ማልቀስ ሟርት ነው፤ ይህን እዚህ ሀገር ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። እኛ ሁለታችን እያወቅን ሳትነው። ለዚያ ነው አንጀቴ እስካሁን የሚያርረው።

እትየ የሻሽወርቅ የዘጌ ልጅ ናት። ባሏ አቶ አምሐ ነፍሱን ይማረውና ታንኳ ሠሪ ነበር፤ ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ በገመድ አጥብቆ አስሮ፣ ከዘጌ ቡና ጭኖ የሚሻገርበትን ታንኳ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ይሠራበት የነበረውን የሐይቁን ዳር ሰፈርተኛው «አምሐ ወደብ» ይለዋል። ወደብ ሲባል ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይና ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን፣ ጥቅጥቅ ያለ የደንገል ጫካ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ እሷ ነበረች የምትጠብቀው። ከዳር ከዳሩ እያጨደች ለታንኳ ሠሪዎች ትሸጣለች፣ መሃሉን ግን ንክች! መሃሉ የዓሣ መውለጃ ነው። ቀረሶው የሚያድገው፣ አምባዛው የሚሸሸገው፣ ከከተማ የሚወርደው እድፍ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት ተጣርቶ የሚቀረው እዚያ ነው። ይህን ምሁር ሳይነግራት ታውቃለች። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ መሃል ገብቶ ሲያጭድ አግኝታው ማጭዱን ቀምታ «ዓሣዋ ምጥ ላይ እያለች አልጋዋን ትወስዳለህ?» አለችው። ልጁ አፍሮ ሮጠ።

የራሷ ልጅ የላትም። ኪሩቤል የእህቷ ልጅ ነው። እህቷ ይፋግ ላይ በወባ ስትሞት ሁለት ዓመቱ ነበር፤ እትየ የሻሽወርቅ ሄዳ እህቷን ቀበረችና ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ባሕር ዳር ገባች። በደንገልና በሙሾ ነው ያሳደገችው። ልጁ ቀሚሷን ይዞ ለቅሶ ቤት ለለቅሶ ቤት ሲዞር የሷን ግጥም እንዳለ ይይዘው ነበር፤ ማታ ለኔ ይደግምልኛል፣ እኔ ሃምሳ ሳንቲም እሰጠዋለሁ። ተማረ፣ ተመረቀ፣ ኮሌጅ አስተማሪ ሆነ፣ የግጥም መጽሐፍ አሳተመ። ጥቁር ካባ ለብሶ የተነሣውን የምርቃት ፎቶ እትየ የሻሽወርቅ በመስታወት አስገጥማ ከማርያም ሥዕል አጠገብ ሰቀለችው። ፎቶውን በየጠዋቱ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች። ስታየው ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር፤ እኔም አብሬ እኮራ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ ኪሩቤል መጣ። እኔ እዚያው ቤቷ ነበርሁ፣ የበሯን ማጠፊያ ስጠግን።

«እማ» አላት፣ እማ ነው የሚላት፣ «ከአፍሪካ ሀገሮች ገጣሚዎች ሊመጡ ነው። ስለ ሐይቅ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ደን የሚጽፉ ናቸው። እኔ ነኝ የማዘጋጀው። አንቺ ደግሞ ለደንገሉ ሙሾ ታወርጂለታለሽ።»

«ለማን?»

«ለአምሐ ወደብ ደንገል።»

«ሞተ እንዴ? ታዲያ ዛሬ ጠዋት ያጨድሁት ማንን ነው?»

እኔ ሳቅሁ፣ እሱ አልሳቀም። አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ። ዳርቻው ላይ ሎጅ ሊሠራ ነው ተብሎ የሚወራው እውነት መሆኑን ነገራት። አፈር ተደፍቶበት ደልዳላ ሊሆን ነው። «ሹሞቹም በዝግጅቱ ላይ ይገኛሉ» አለ። «ወረቀት ብንጽፍላቸው አያነቡም። አንቺ ካላስለቀስሻቸው ማን ያስለቅሳቸዋል?»

«ሟርት ነው ልጄ። ለቆመ አላለቅስም።»

«ለእውነት አይደለም እኮ እማ፤ ግጥም ነው። እንዳይሞት ነው የምናለቅሰው።»

ወደ እኔ ዞረች። አፌን ምን ከፈተው! «ካዳነውማ ምን ቸገረሽ?» አልኋት። መዶሻዬን እንደያዝሁ እንደ ትልቅ ሰው መካሪ ሆንሁ።

«ማልልኝ» አለችው።

«አንቺን ይንሳኝ እማ! ለደንገሉ ብዬ ነው።»

አንቺን ይንሳኝ። ቃሉን ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ ጌትነት፣ እርስዎም ጥሩምባዎን ይዘው ይመጣሉ፤ ልክ እንደ እውነተኛ ለቅሶ ይሁን» አለ። እሺ አልሁ። ፎቶ እንደሚያነሱንም ሲነግረኝ ጭራሽ ደስ አለኝ።

ዝግጅቱ ከሰዓት በኋላ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። እውነት ለመናገር ግጥሞቹ ልቤን ነኩኝ። አንዲት ኬንያዊት ሴትዮ ተነሥታ አነበበች፣ ኪሩቤል ተረጎመ። ሐይቋን አረም ስለበላባት መንደር ነው የጻፈችው፤ ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ሣር ላይ አስሮ በእግሩ ቤቱ ይገባል፣ ልጁ «አባዬ፣ ውሃው የት ሄደ?» ይለዋል። እነሱም ሀገር እንቦጭ አለ ለካ! በዘመቻ ወጥተን እስከ ጭናችን ጭቃ ውስጥ ገብተን እንቦጭ ስንነቅል የከረምን ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። ከናይጄሪያ የመጣው ደግሞ ነዳጅ የፈሰሰበት ወንዝ ውስጥ ልብሷን አጥባ፣ ስታሰጣው እሳት እንዳይይዘው ስለምትፈራ ሴት አነበበ። የሰው ሀገር ሰው አልመሰሉኝም።

ከዚያ የኛ ተራ ደረሰ። እኔ ጥሩምባዬን ነፋሁ። እትየ የሻሽወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመችና እንደ ልማዷ ጠየቀች። የጠየቀችው ኪሩቤልን ነው፣ በሰው ሁሉ ፊት።

«ስሙን አውቀዋለሁ። ሙያው ምን ነበር?»

«ውሃ ማጥራት፣ ዓሣ ማሳደግ፣ ታንኳ መሆን» አለ በማይክራፎኑ።

«ማን ቀረው?»

«እኛ።»

እሷም አወረደች፤

«ዓሣዋ ምጥ ይዟት ብትመጣ ከደጁ፣
አፈር ለብሶ ቆያት ደንገል አዋላጁ።

ታንኳ ሠሪው ቢሞት ደንገል ቀርቶኝ ነበር፣
እሱም ተከተለው፣ አብሮት ለብሶ አፈር።»

ሌላም ብዙ አለች። ሹሞቹ መሐረብ አወጡ። ኬንያዊቷ ሳይተረጎምላት ታለቅስ ነበር፤ ስንጨርስ መጥታ እትየ የሻሽወርቅን አቀፈቻትና አልለቅ አለች። ስልክ ያለው ሁሉ ቀረጸ። ስንመለስ እትየ የሻሽወርቅ በቀጥታ ወደ አምሐ ወደብ ሄደች፤ ከሐይቁ ውሃ ቀድታ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች። «አፌ መረረኝ፣ ጌትነት» አለችኝ። ደንገሉ በነፋስ ይወዛወዛል። «ይኸው ቆሟል፤ ምን አስጨነቀሽ?» አልኋት።

ግንቦት ላይ ቀበሌ ስብሰባ ጠራን። አዳራሹ ጢም ብሏል። የሎጁን ጉዳይ የያዘ ባለሙያ ተነሥቶ ጥናት አነበበ። እኔ የሚለው ግማሹ አልገባኝም፤ ድንገት «ጥሩምባ» የሚል ቃል ስሰማ ቀና አልሁ። «ወረቀቱን ወዲህ በለው!» ብዬ ተነሣሁ። ሰጡኝ። መነጽሬን አድርጌ ለእትየ የሻሽወርቅ ጮክ ብዬ አነበብሁላት፤

«የአካባቢው ነዋሪ ደንገሉ አገልግሎቱን ጨርሶ የሞተ መሆኑን በራሱ ባህላዊ ሥርዓት፣ በእድር ጥሩምባና በሙሾ፣ በአደባባይ አረጋግጧል። ኅብረተሰቡ ሐዘኑን የፈጸመ በመሆኑ ቦታውን ለልማት ለማዋል ማኅበራዊ ተቃውሞ አይጠበቅም።»

ከሥሩ ፎቷችን አለ። እኔ ጉንጬን ነፍቼ፣ እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ገጹን ገለጥሁ፤ «አጥኚ፦ ኪሩቤል ሕዝቅኤል።» የጥናቱ ውል የተፈረመው ኅዳር ላይ ነው። እሱ አንቺን ይንሳኝ ብሎ የማለው ጥር ነው። ቆጠርሁት፤ ሁለት ወር ሙሉ ውሉን በኪሱ ይዞ ነው መጥቶ እጇን የያዘው።

እትየ የሻሽወርቅ ተነሣች። «አልሞተም እኮ!» አለች። «ዛሬ ጠዋት አጭጄዋለሁ! ሂዱና እዩት፣ እርጥብ ነው!»

ሰብሳቢው በትሕትና ነው የመለሰላት፤ ትሕትናው ነው የገደለኝ። «እናቴ፣ ቪዲዮው ላይ የሚያለቅሱት እርስዎ አይደሉም?»

ተቀመጠች። እኔ ግን አልተቀመጥሁም፤ ጮህሁ፣ ተሳደብሁ፣ ሁለት ወጣቶች ደግፈው አስወጡኝ። ውጭ ቆሜ ስጠብቃት ኪሩቤል ስብሰባው ላይ ለምን እንዳልመጣ ገባኝ።

በሰኔ ሲኖትራኮቹ መጡ። ቀይ አፈር ነው የደፉበት። መጀመሪያ ደንገሉን አስተኙት፣ ከዚያ ደፉበት፣ ከዚያ ደግሞ ረገጡት። ከሦስት ሳምንት በኋላ አምሐ ወደብ የኳስ ሜዳ መሰለ። እትየ የሻሽወርቅ በየቀኑ ሄዳ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ከዚያ ድንጋዩንም ቀበሩት። አልቅሺ ስላት «አልቅሼለታለሁ እኮ፤ ስንቴ ላልቅስ?» አለችኝ። አንዲት እንባ አልወጣትም።

ኪሩቤል በነሐሴ መጣ። ምሳ አቀረበችለት፤ እጁን አስታጠበችው፣ አስቡት! እኔ ብሆን ውሃውን አናቱ ላይ ነበር የምደፋው። በላ። ከዚያ ሳትጠይቀው መናገር ጀመረ። «እማ፣ ደንገሉ ለማንኛውም አይተርፍም ነበር። እንቦጩ ጥግ ጥጉን ጀምሮታል። እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ይጽፈዋል፣ ያውም አንቺን ሳይጠቅስ። እኔ ቢያንስ ሙሾሽን ሰነድ ውስጥ አስገባሁልሽ።»

«አንቺን ይንሳኝ ብለህ ነበር» አለችው ቀስ ብላ።

ሳቀ። «እማ ደግሞ! የአፍ ልማድ አይደል?»

ይህን ስሰማ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የእሷን ቃል ሰነድ አድርጎ ሲያስራት ቃል ቁምነገር ነው፤ የራሱ ቃል ሲሆን የአፍ ልማድ! ልናገር አፌን ስከፍት በዓይኗ ከለከለችኝ።

የባሰው ሌላው ነው። ሰፈሩ ፊቱን አዞረባት። ለቆመ አለቀሰች፣ አፏ ሟርተኛ ነው፣ ደንገሉን የቀበረችው እሷ ናት አሉ። ታንኳ ሠሪዎቹ ሰላምታ ነሷት። መስከረም ላይ እዚያው ጎረቤታችን ሰው ሲሞት ሙሾ አውራጅ ከሌላ ቀበሌ አመጡ። እትየ የሻሽወርቅ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ የሰው ሙሾ ስትሰማ ዋለች፣ ማንም ነይ ስሙን ልንገርሽ ያላት የለም። የኔንም ጥሩምባ ረክሳለች ብለው ጠበል ካልተረጨች አትነፋም አሉኝ። ቄስ ገበዙ መርስዔ ኀዘን እየሳቁ ረጩልኝ፤ «ቆርቆሮው ምን አጠፋ፣ ጌትነት? ጠበሉን የሚፈልገው ነፊው ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። መዶሻ ይዤ «ምን ቸገረሽ» ያልሁት እኔ ነኝ። ለእሷ ይህን ነግሬ ይቅር በይኝ ስላት «አንተማ ከኔ ጋር ነው የተሞኘኸው» አለችኝ።

ባለፈው የካቲት ሎጁ ተመረቀ። ገጣሚዎቹም ለሁለተኛ ጊዜ ሊሰበሰቡ ነው፣ እዚያው ሎጁ ሰገነት ላይ። ኪሩቤል አዲስ ነጠላ ይዞ መጣ። «እማ፣ እንግዶቹ የሐይቁ እናት የት አለች እያሉ አንቺን ነው የሚጠይቁኝ። ኬንያዊቷም መጥታለች። አንድ ሙሾ ብቻ፣ በሞቴ!»

ነጠላውን ተቀበለችው። «እመጣለሁ» አለችው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። እሱ ሲሄድ ወደ እኔ ዞረች፤ «ጥሩምባህን ይዘህ ትመጣለህ።»

«እኔ? ሬሳ በሌለበት ዳግመኛ? ብሞት አላደርገውም!»

«ስሙን እዚያው እነግርሃለሁ። ካላመንህበት አትንፋ።»

ሎጁ ያምራል፣ አልዋሽም። ሰገነቱ ውሃው ላይ ወጣ ብሎ የተሠራ ነው፣ ግድግዳው ላይ ለጌጥ የደረቀ ደንገል በክር ታስሮ ተሰቅሏል። ከሥራችን ያለው መሬት አምሐ ወደብ ነው። ከሰፈር ሴቶች አንዳንዶቹ ወጥ ቤት ተቀጥረዋል፤ በር ላይ ቆመው ያዩናል። ኪሩቤል ማይክራፎን ይዞ እትየ የሻሽወርቅን አስተዋወቀ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ጭብጨባው ሲያልቅ ተነሣች። አዲሱን ነጠላ አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ከሥሩ አንድ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ እኔ መጽሐፍ መሰለኝ።

ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። የምርቃቱ ፎቶ ነው። ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ እንደሚያዝ፣ በሁለት እጇ ወደ ሰው አዙራ ያዘችው።

ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ሴቶች አንድ ጊዜ «ውይ!» አሉ። እንግዶቹ አልገባቸውም፤ ፈገግ ብለው ስልካቸውን አነሡ። ኪሩቤል ፊቱ አመድ መሰለ። እሷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤

«ከይፋግ አምጥቼ በጀርባ ያዘልሁት፣
ደኅና ነው ስላችሁ ዛሬ ነው ያጣሁት።

በቁም ላለ ደንገል ያስለቀሰኝ ልጄ፣
እሱንም ሸኘሁት በቁሙ ከደጄ።»

ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ደንገሉ ሲቀበር ያልመጣው፣ ሰው ሲሸሻት ያልመጣው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ወጡ። ኬንያዊቷ ግራ ገብቷት ወደ ኪሩቤል ዞረችና አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱ ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገው።

«ተርጉምላት እንጂ» አለችው እትየ የሻሽወርቅ። «ያኔ ስትተረጉም ጎበዝ ነበርህ።»

«እማ... እባክሽ፣ በሰው ፊት...»

«አንቺን ይንሳኝ ብለህ ምለህልኝ ነበር። ይኸው፣ ነሳህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ስሙ ኪሩቤል ሕዝቅኤል ነው። ሙያው ማጥናት ነበር። የቀረው ሰው የለም። አምነህበታል?»

ልጁን አውቀዋለሁ፤ ሃምሳ ሳንቲሜን እየተቀበለ ሙሾ የደገመልኝ ልጅ ነው። የሎጁ ዘበኛ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። ጥሩምባዬን አነሣሁና ነፋሁ፣ እንደ ማለዳው፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያም እንደ ደንቡ ስሙን ጠርቼ «አርፏልና የሰማህ ላልሰማ አሰማ» አልሁ። ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ አስጠልቶኝም፣ እንዲህ አምኜበትም ነፍቼ አላውቅም።

በማግሥቱ እትየ የሻሽወርቅ ቤት ሰው መጣ። እኔ አልጠራሁም፤ ጥሩምባውን የሰማ ነው የመጣው። ታንኳ ሠሪዎቹ ጭምር መጥተው አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው አመጡ። እንደማንኛውም ሐዘንተኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት፣ እሷም «አሜን፣ እናንተንም አይንካባችሁ» አለች። ግድግዳው ላይ ፎቶው የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኪሩቤል ደጃፉ ላይ ቆመ። ጺሙን አልተላጨም። አንድ ታንኳ ሠሪ ለለቅሶ ደራሽ ሁሉ እንደሚደረገው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፣ እሱም ተቀመጠ። ንፍሮ በሰሃን ሰጡት፤ ይዞት ቀረ። «እማ» ሊል ፈልጎ መሰለኝ ቀና ብሎ አያት። ተነሥታ አንገቱን የምታቅፈው መስሎኝ ነበር፣ ማርያምን፣ እንድታቅፈውም ፈልጌ ነበር።

እሷ በደረቀ ዓይን አየችው፤ የማታውቀው ሰው ለቅሶ ሲደርሳት እንደምታየው፣ በአክብሮት።

«ስለመጡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው። «ልጄን ያውቁት ነበር?»